ጠመንጃውን ዘይት አታጠጡት!

ዛሬስ አልቻልኩም፣ ልናገረው። በገላን በኩል መጋዘን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ያለን ጠመንጃ አንድ ሲሚኖፍ ነው። ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የተረከበው ሁሉ ደግሞ ደስ እንዳለው ይቀባዋል። ማታ ስረከበው ሰደፉ ሳይቀር ያሟልጫል። እጄ ቢጠቁር፣ ልብሴ ቢበላሽ ግድ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ውስጡ ነው። ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይፈስበታል፣ ከዚያ ሲኖትራኩ ቀኑን ሙሉ የሚያቦነው አቧራ ይለጠፍበታል። መቀባበያውን ስቤ ሳየው ጥቁር ሊጥ ነው። በጣቴ ሳሸው አሸዋው ይንኮሻኮሻል። ይሄ ዘይት ነው ወይስ ብርጭቆ ወረቀት?

ማታ የሚያስረክቡኝ ታላቃችን ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይበቃዋል እኮ» ስላቸው «አንተ ልጅ፣ ብረት ዘይት ካልጠገበ ይነክሳል» ይሉኛል። ጋሼ፣ እንዲነክስ የሚያደርገው እኮ ይሄው ጥጋቡ ነው! የሌሊቱ ልጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እሱ በላምባ አጥቦ፣ አጥንት አድርጎ አድርቆ ያስቀምጠዋል። በክረምት እንዲህ የተተወ ብረት ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ቡናማ ዝገት ብቅ ለማለት ብዙ ቀን አይፈልግም። አንዱ ያሰምጠዋል፣ አንዱ ያደርቀዋል፣ መሀል ላይ የምሰቃየው እኔ።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። ሲሚኖፍ ጥይቱ በተተኮሰ ቁጥር ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ወስዶ ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ መቀባበያው ያለበትን ከባድ ብረት ወደኋላ ይወረውረዋል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ስፕሪንጉ መልሶ ይገፋና አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ዘይት የሚያስፈልገው ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ብቻ ነው። የሚመላለሰው ብረት የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ጎንና ጎኑ፣ ሲዘጋ የሚቆለፍበት ጥግ። አንድ ሁለት ጠብታ፣ በጨርቅ ዳበስ፣ በቃ። ብረቱ ያብረቅርቅ እንጂ አይፍሰስ። አቧራ በሚበዛበት እንደኛ ባለ ሰፈር ከዚያም ይነስ።

ፒስተኑና የጋዙ ቱቦ ደረቅ ይሁኑ። እዚያ የገባ ዘይት በሙቀቱ ይቃጠልና ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳም ደረቅ ይሁን። ጥይቱንማ ጭራሽ ዘይት አታስነኩት፤ ዘይቱ በቀስታ ገብቶ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ጥይቱን ከኋላው መትቶ የሚያስነሳው መርፌ ነው። በአብዛኛው ሲሚኖፍ ላይ መርፌውን ወደኋላ የሚመልስ ስፕሪንግ የለም፣ ቀዳዳው ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንስታችሁ ስታወዛውዙት ቀጭ ቀጭ ሲል ሊሰማ ይገባል። ግራሶና ቆሻሻ ተጋግሮበት ወደፊት ወጥቶ ከተጣበቀ፣ ጥይት ሲጎርስ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል። ገባችሁ? ሰው አጠገቡ ቆሞ! የጥቅምት ብርድ ሲመጣ ደግሞ ያ ግራሶ ሌሊት ይጠጥራል። ይሄንን ሳስረዳ «አንተ ታካብዳለህ» ይሉኛል። አላካበድኩም። የሰው ነፍስ ነው።

አለቃችንስ? ዘይት ግዙልን ብለን ስንጠይቅ «ለምን? ተኩሳችኋል እንዴ?» አለን። ሰውዬው ሳይተኮስበት የተቀመጠ ጠመንጃ ዝገት የማይነካው ይመስለዋል! የመኪናውን ዘይት ጊዜውን ጠብቆ ያስቀይራል፣ የእኛን የሕይወት ዋስትና ግን ከጋራዥ በተለመነ ቆሻሻ እንድናኖረው ይፈልጋል። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የጠመንጃ ዘይት፣ ያ ከጠፋ ንጹሕ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ አንድ ብሩሽና ቁራጭ ጨርቅ ነው የጠየቅነው። መጥረጊያ ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር አለ፣ እሱም ተጣሞ ነው ያለው። ሰደፉ ውስጥ መቀመጥ የነበረበት የጽዳት ዕቃ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ አሮጌ ጥይት የሚሰጣችሁ ካላችሁ ይሄን ስሙኝ። የብዙዎቹ አሮጌ ጥይቶች እሳት ማስነሻ፣ ያ መርፌው የሚመታው፣ ሲተኮስ ጨው ነገር ይተዋል፣ ጨዉም እርጥበት ይስባል። ዘይት ብቻውን አያነሳውም። ከተኮሳችሁ በኋላ አፈሙዙንም የጋዙን ቱቦም በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ነው በስሱ መቀባት። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ መጀመሪያ ጥይቱ መውጣቱን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ።

ለፈረቃ ጓደኞቼ፣ ከነገ ጀምሮ ርክክቡ ተከፍቶ ይሁን። ጥይቱ ይውጣ፣ ሁለታችንም ውስጡን እንየው፣ የመርፌውን ድምፅ እንስማ፣ ከዚያ እፈርማለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፣ ግን ያንን የሞተር ዘይት ጀሪካን ከጥበቃ ቤቱ አውጥቼዋለሁ።