ለፍላሽ ነቃዮች የቀረበ ውዳሴ

በዚህ የተጠራጣሪዎች ዘመን ቆራጥ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ሁሉም ያመነታል፣ ሁሉም ያጣራል። እስካሁን ያልተበገረው ፍላሽ ነቃዩ ብቻ ነው። የኮፒው ባር 100 ከማለቱ እጁ ዩኤስቢው ላይ ነው። ነቀል፣ ኪሱ ከተት፣ ውልቅ! "ኢጀክት" የምትለዋን፣ ፍላሹን በደህና የምታሰናብት ምልክት አያውቃትም እንዳትሉ። ያውቃታል። ንቋት ነው።

ሌላው ይተቸው፤ እኔ ላመሰግነው ነው የመጣሁት። ዊንዶውስ ላይ ለሚነቅለው እንኳ ብዙም አልደነቅ። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ፍላሽ ቶሎ እንዲነቀል አድርጎ አስተካክሎለታል። በሌላ አነጋገር ተሸንፎለታል። ሊኑክስ በሚባለው ሌላኛው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ መንቀል ግን ወኔ ይጠይቃል።

ነገሩ ወዲህ ነው። 2 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ስትልክ ሊኑክስ ወዲያው ፍላሹ ላይ አይጽፈውም። መጀመሪያ ራም (ጊዜያዊው ማስታወሻ) ላይ ይቀበልህና "ጨርሻለሁ፣ ወደ ሥራህ" ይልሃል። ከዚያ ከጀርባ ሆኖ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ካልነካካኸው በቀር፣ ፍጥነቱን መግታት የሚጀምረው ያልተጻፈው ዳታ ካለህ ነፃ ራም ወደ 20 በመቶ ሲጠጋ ነው። 16 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይሄ ሰፊ ሜዳ ነው። እንግዲህ ፍላሹ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ 2 ጊጋ ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። ባሩ ግን በጥቂት ሰከንድ ጫፍ ይነካል። ተራ ሰው "እንዴት ሆኖ?" ብሎ ይጠይቃል። ነቃዩ ግን "ፍላሼ ፈጣን ነው" ይላል። እምነት ካላችሁ እንዲህ ይሁን!

ማየት የሚፈልግ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር ያለውን ሜምኢንፎ የሚባል ፋይል ደጋግሞ ያንብብ። "ደርቲ" የሚል መስመር አለው። ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈው ምን ያህል እንደሆነ በኪሎባይት ይነግርሃል። ኮፒው "አለቀ" ባለ ቅጽበት እዚያ 1 ሚሊዮን ምናምን ተቀምጦ ታገኛለህ። ከዚያ ይወርዳል። 900 ሺህ። 700 ሺህ። እዚህ ላይ ነቃዩ ወንበሩን ገፍቶ ተነስቷል። 400 ሺህ ላይ ፍላሹ ኪስ ገብቷል። የቀረው 400 ሺህስ? ባለቤቱ ስለሄደ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚጽፍበት አጥቶ ጥቂት ስህተት መዝግቦ ይጥለዋል። ሥራው በአንድ በኩል ተጠናቋል።

ከእሱ ጎን ደግሞ እነዚያ "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" የተባለላቸው ሰዎች አሉ። "ሲንክ" (ያልተጻፈውን ሁሉ አሁን ጻፍ) ብለው ጽፈው ኢንተር ይመታሉ። ከርሰሩ እስኪመለስ ተገትረው ያያሉ። ከዚያ ደግሞ አንማውንት ያደርጋሉ፤ ፍላሹን ከሲስተሙ ያላቅቃሉ። አንዳንዴ ሲስተሙ "ሥራ ላይ ነው፣ አልለቅም" ይላቸዋል። እነሱም ፍላሹን የያዘባቸውን ፕሮግራም ፍለጋ "ኤልኤስኦኤፍ" ይላሉ፣ "ፊውዘር" ይላሉ። በመጨረሻ የያዘው ፍላሹ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠው የገዛ ተርሚናላቸው ሆኖ ይገኛል። ከፎልደሩ ወጥተው እንደገና ይሞክራሉ። ይሄ ሁሉ ለምን? ነቃዩ ተመሳሳዩን ችግር በሁለት ጣት ይፈታዋል።

የነቃዩ ፍላሽ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ከርነሉ አንድ ማስታወሻ ይጽፋል፦ ቮልዩሙ በአግባቡ አልተለቀቀም፣ የተወሰነ ዳታ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ እባክህ "ኤፍኤስሲኬ" የሚባለውን ፍተሻ አሂድ። "እባክህ" የሚለው እዚያው ያለ ነው፤ እኔ አልጨመርኩም። ነቃዩ ግን የከርነል ማስታወሻ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ቪዲዮው ግማሽ ላይ ይቆማል። ዶክመንቱ 0 ባይት ነው። አንዱ ፎልደር ስሙ የባዕድ ፊደል ሆኗል። ምርመራው ፈጣን ነው፦ "ቫይረስ ገብቶበታል።" መድኃኒቱም እንደዚያው፦ "ፎርማት አርገው!"

ፎርማት ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ፋት32 ነው። "የትም ይሠራል" የተባለለት፣ በ1996 የመጣ ፎርማት። አንድ ፋይል 4 ጊጋ ከሞላ አይቀበልም። ነቃዩ 6 ጊጋ ፊልም ይልክበታል፣ "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ይለዋል። ባዶውን ቦታ ያያል፤ 50 ጊጋ ተርፏል። ስለዚህ ፍላሹ ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፎርማት ያደርገዋል። በምን? በፋት32። ኤክስፋት የሚባል፣ ይሄ ገደብ የሌለበት አማራጭ አለ። ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝሩን ይፋ አድርጎታል፣ በ2020 የወጣው የሊኑክስ 5.7 ከርነል ደህና ድራይቨር ይዞለት መጥቷል። ግን አዲስ ነገር ምን ያጣድፋል?

ሊኑክስ የለመደው ነቃይ ደግሞ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ያደርገዋል። በራሱ ማሽን ላይ ሸጋ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ላድርገው?" ይለዋል። ነቃዩ "የስ" ይላል። ሲጠይቁት እምቢ ማለት አያውቅም።

አይኤስኦ (የሲስተም መጫኛ ፋይል) ወደ ፍላሽ የሚጽፍ ዕለት ደግሞ ቁመናውን ማየት ነው። ተርሚናል፣ "ዲዲ" የሚባለው ዲስክ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ትዕዛዝ፣ መጨረሻው ላይ "ኦኤፍ" ብሎ ዲስኩን መምረጥ። ሊኑክስ ለዲስኮች በሚሰጠው ስም ፍላሹ ኤስዲኤ ነው ወይስ ኤስዲቢ? "ኤልኤስቢኤልኬ" ብሎ ከነመጠኑ ማየት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነበር። ግን ባለፈው ኤስዲቢ ነበር፣ ዛሬስ ምን ይቀይረዋል? ያ ዛሬ የተሰካው ባካፕ የያዘ ሃርድ ዲስክ ሊቀይረው ይችላል። ዲዲ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። ነቃዩም አይጠይቅም። ግጥም አሉ።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ፍጥነት ነው፤ የመጻፊያው ጉዳይ በዝምታ ታልፏል። ዩኤስቢ 2.0 ላይ ያለው 480 ደግሞ ሜጋቢት ነው፣ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። በ2008 የመጣው 3.0 መጀመሪያ 3.1 ጄን 1፣ ቀጥሎ 3.2 ጄን 1 ተባለ። ፍጥነቱ ያው 5 ጊጋቢት ነው፣ ያደገው ስሙ ነው። ርካሽ ፍላሽ ውስጡ ያለችው ፈጣን ቦታ እስክትሞላ ይበርራል፣ ከዚያ መንፏቀቅ ይጀምራል። ነቃዩ ለዚህም መድኃኒት አለው። ፎርማት።

ታዲያ አንድ ቀን ያ ፎርማት የተደረገው ፍላሽ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ያን ጊዜ የሚደውለው ለማን መሰላችሁ? ለዚያ ሲንክ ብሎ ለሚገተረው ነፍዝ።

"ወንድሜ፣ ፍላሼ ጉድ ሠራኝ።"

"ኢጀክት ሳታደርገው ነቅለኸው ነበር?"

"ኧረ እኔ! 100 ብሎ ነበር እኮ።"

ደግነቱ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ዳታውን ጠርጎ አያጠፋም። ነፍዙ ፎቶሬክ የሚባለውን ፋይል አዳኝ ፕሮግራም ያስነሳና ብዙውን ይሰበስብለታል። የሚወጡት ፋይሎች ግን የድሮ ስማቸውም፣ ፎልደራቸውም የለም፤ ኤፍ ብሎ የሚጀምር ቁጥር ብቻ። ከብዙ መቶ ዶክመንት መሀል የትኛው ጽሑፉ እንደሆነ ነቃዩ ራሱ አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል። ጊዜ እንደሆነ ሞልቶታል፤ ያቺን 3 ደቂቃ ቆጥቧታል።