ውዳሴ ሃይኪንግ

የአዲስ አበባ ሰው እሑዱን በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት መካከል ሲመላለስ የኖረው እነዚህ ልጆች እስኪደርሱለት ነው። ዛሬ ዕድሜ ለሃይኪንግ ቡድኖቻችን፣ ማልዳችሁ ስታዲየም ዙሪያ ወይም መስቀል አደባባይ ብቅ ብትሉ ኮስተሩ ተደርድሮ፣ ወጣቱ ቦርሳውን አዝሎ፣ ከተማው ተራራ ሊወጣ ሲሰናዳ ታያላችሁ። በአዘቦት ቀን ከመገናኛ ሃያ ሁለት ለመድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ እሑድ ሲደርስ ወንጪን በእግሬ ካልዞርኩ ይላል። ይህ ጉልበት ከሰኞ እስከ ዓርብ የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም። ብቻ ሊወደስ ይገባዋል፤ እኔም ላወድሰው ነው የተነሳሁት።

ከማስታወቂያው ልጀምር። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ዋጋው የሚያካትተው፦ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ቲሸርት፣ ዲጄ፣ ድሮን፣ ፕሮፌሽናል ፎቶ፣ ሰርተፍኬት።» ከላይ እስከ ታች ብታነቡት መራመድ የሚባል ነገር የለበትም። ታማኝነት ይሏል ይህ ነው። የሌለውን አለኝ የሚል ነጋዴ በሞላበት ከተማ፣ የማያቀርበውን ዝርዝር ውስጥ ያላስገባ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

መነሻ ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት፣ «በትክክል» ተብሏል። በ12፡00 ቦታው ላይ የሚገኙት የኮስተሩ ረዳት፣ አንድ ፈረንጅና ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባ ልጅ ናቸው። አስተባባሪው 1፡00 ሰዓት ላይ መደወል ይጀምራል። «የት ደረስሽ?» «ደርሻለሁ፣ እየተሻገርኩ ነው።» ድምጿ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ እሱም ያውቃል፣ አጠገቡ የቆምነውም እናውቃለን። እሱ ግን የጨዋ ልጅ ስለሆነ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እየጠበቅንሽ ነው» ይላታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ቅንድቧ ተቀርጾ ስትገባ ኮስተሩ በጭብጨባ ይቀበላታል። በ12፡00 የመጣው ፈረንጅም ያጨበጭባል፤ ነገሩ የአገሩ ባህል መስሎታል። ተሳስቷል ልበል?

መንገዱ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይገባና ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ሽቅብ ይያያዘዋል። ወንጪ አምቦንና ወሊሶን በሚያገናኘው መንገድ መሃል ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ግድም። በዚህ ሁሉ መንገድ በመስኮት የሚያይ ሰው አይገኝም። ካየም «ምነው፣ ደበረህ እንዴ?» ተብሎ እጁን ተይዞ ይነሳል። በጠባቡ መተላለፊያ ላይ እስክስታው ይቀልጣል፤ የስልኩ እርምጃ ቆጣሪም ትከሻውን ከእግር ሳይለይ እየመዘገበ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ጊንጪን ሳያልፍ የዕለቱን ኮታ ጨርሶ የሚቀመጥ አለ። ማስታወቂያው «ከከተማ ጫጫታ ይራቁ» ብሎ ነበር፤ ራቅን እኮ፣ ጫጫታው እንዳይናፍቀን ብቻ በትልቅ ስፒከር ጭነነው ወጣን።

ቀጥሎ «ራሳችንን እናስተዋውቅ» ይመጣል። ማይኩ ከጋቢና ተነስቶ እስከ ኋላ ወንበር ይዞራል፦ ስም፣ ሥራ፣ ሆቢ፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ጆሮውን የሚያቀናበት «ሲንግል ነህ ወይስ?» የሚለው። ሆቢው ያለ ልዩነት ማንበብና ተፈጥሮን ማድነቅ ነው። አንዱ የባንክ ሠራተኛ «ባለትዳር ነኝ» ሲል ኮስተሩ ሙሉ ዋጋ ተጨመረ የተባለ ያህል አጉረመረመ። ምቀኞች ይህን አይተው ሃይኪንግ የትዳር ገበያ ነው ይላሉ። ቢሆንስ? አባቶቻችን ለጥምቀት ሎሚ ሲወረውሩ ማን ከሰሳቸው? ሎሚው በማይክ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። እንዲያውም ማይክ ደረት አያሳምምም።

ወንጪ ተደረሰ። ወንጪ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ የአፉ ጠርዝ ከፍተኛው ቦታ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በሆዱ ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ላይ ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ፍል ውሃውም አለ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ይህን የምዘረዝረው ለናንተ ነው፤ ሃይከሩ አያስፈልገውም። እሱ ከመኪና ወርዶ ጠርዙ ላይ ይቆምና ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል። ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣለትን ውሃ በገዛ ትከሻው አሻግሮ በስክሪን ያየዋል። ባነር ይዘረጋል። «ቤተሰብ! ሁላችሁም ወደዚህ!» ይባላል። ድሮኑ እያጓራ ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ሰማይ እጁን ያውለበልባል፤ ከታች ያለው እረኛ ደግሞ የበረገጉ ላሞቹን ሊሰበስብ ይሮጣል። በዕለቱ ከሮጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሌላውን ላሳያችሁ። «ፋርዳ! ፈረስ! ጌታዬ፣ ፈረስ!» የሚል ጥሪ ይሰማል። የአካባቢው ገበሬዎች ፈረስ ያከራያሉ፤ ሥራቸው ነው፣ እሰየው። ከኛ ቡድን አንድ ወንድም ነበር፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ፣ ሶሉ ጥርስ ያወጣ፣ ራስ ደጀን ተወጥቶ ቢወረድበት የማይነቃነቅ የተራራ ቦት። በሁለት እጁ ሁለት የሚታጠፍ የብረት ዱላ ይዟል። ቲሸርቱ ላይ «መራመድ ሕይወት ነው» ተብሎ ታትሟል። ቁልቁለቱን አየት አደረገና ፈረስ ላይ ወጣ። ዱላዎቹን ኮርቻው ላይ አጋደማቸው፣ ቦቱ በግራና በቀኝ ተንጠለጠለ፣ ልጓሙን የያዘው ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይዞት ወረደ። ሽቅብም እንዲሁ። ወንድማችን ዳገቱ መሃል ላይ ከኮርቻው ሆኖ ቪዲዮ ቀረጸ፦ «ፈታኝ ነው፣ ግን ተስፋ አልቆርጥም!» ልጁ ዞር ብሎ አየው፤ ዝም አለ። ፈረሱ ግን አነጠሰ።

የገብሱን ነገርማ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፎቶ አንሺው «ገብሱ ውስጥ ግቢና ጋደም በይ፣ እጅሽን ወደ ላይ፣ አዎ፣ አትሳቂ» ይላል። እሷ ስትነሳ ተራው የጓደኛዋ ነው፣ ከዚያ የጥንዶቹ፣ ከዚያ የሁሉም በአንድነት። በመስከረም ከሆነ አደይ አበባው አብሮ ይነጠፋል። ባለ ማሳው ጋቢውን እንደ ለበሰ ዳር ቆሞ አየ፣ አየና ወደኔ ጠጋ ብሎ «ምን ጠፍቷቸው ነው?» አለኝ። «ፎቶ ነው አባቴ» አልኩት። ጥቂት አሰበ። «ፎቶ ቆሞ አይነሳም?» መልስ አልነበረኝም። ገበሬው ስለ ሥነ ጥበብ ያለው ግንዛቤ ገና ብዙ እንደሚቀረው ግን ታዝቤያለሁ።

ሃይላንዱን በተመለከተ ደግሞ ጠላት ቆሻሻ ይጥላሉ እያለ ያስወራል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በገጠር መንገድ ዳር ያለ ልጅ መኪና ባየ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያለ ይሮጣል፤ ባዶውን ዕቃ ውሃ ሊይዝበት ነው። ሃይከሩ ይህን ጥሪ ሰምቷል። ስለዚህ ሃይላንዱን ልጅ ባለበት ብቻ ሳይሆን ልጅ ሊኖርበት ይችላል ብሎ በገመተው ስፍራ ሁሉ፣ ገደል ውስጥም፣ ዛፍ ሥርም፣ ሐይቅ ዳርም ይተውለታል። ሶፍቱን፣ የቺፕሱን ላስቲክና የቢራውን ቆርኪ ጨምሮ ነው የሚተውለት። ቆርኪው ለምን እንደሚጠቅም ልጁ ያስብበት። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ አዋጅ ግን ዳገት አይወድም፣ አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ደክሞት ይቀመጣል።

የጽዳት ዘመቻም አለ እኮ። ጓንት ይታደላል፤ አሥራ አምስት ሰው በሁለት ሃይላንድ ዙሪያ ጎንበስ ብሎ ይነሳል። ከፎቶው በኋላ ማዳበሪያው አፉ ታስሮ እዚያው ይቀራል። እንደ ድሮው የተበተነ ቆሻሻ አይደለም፣ የተደራጀ ቆሻሻ ነው።

የመናገሻ ሱባን ደን ያየ ሰው የጥንት ሰዎች በዚህ ሙያ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ ይገባዋል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ደኑ ይኸው ዛሬም አለ፤ ጥዱ፣ ኮሶው፣ ዝግባው፣ በውስጡም ጉሬዛውና ድኩላው። ባነር ግን የለም። ንጉሠ ነገሥት ሆነው አንዲት ቲሸርት አላሳተሙም፤ ግንድ ላይ በቢላ «ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ነበር» ብለው አልፈለፈሉም። ያን ክፍተት እየሞላ ያለው የኛ ትውልድ ነው። ጉሬዛውን በተመለከተ፣ ዲጄው የመጀመሪያውን ዘፈን ሲለቅ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ዘሎ ከዓይን ይሰወራል። አስተባባሪያችን «ጉሬዛ ዘንድሮ ቀንሷል» ብሎ በቁጭት ነገረን። እውነትም ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሳይደራጁ የሚራመዱ ሰዎች ድፍረት ነው። ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይወጡታል። ዋርም አፕ የለ፣ ኢነርጂ ድሪንክ የለ። ዳገቱ መሃል ዘርፈጥ ብሎ የሚያለከልክ ጎረምሳ ሲያገኙ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» ይሉና ያልፉታል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ከ30 ኪሎ የማያንስ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ቁልቁል ስትመጣ፣ ሽቅብ የሚወጣው ቡድን መንገድ ዘግቶ ለፎቶ ይሰለፋል። «እናቴ፣ አንዴ ዞር በይልን፣ ከፎቶው ውስጥ ገባሽ።» ሸክሟን እንደያዘች ጭቃው ውስጥ ገብታ አሳለፈቻቸው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ጂፒኤስ ያልያዘው፣ ሰርተፍኬት የሌለው እርምጃ ምን ሊባል እንደሚችል የሚመለከታቸው አካላት ይንገሩን።

ሰርተፍኬቱ የሚታደለው ማታ ሲመለሱ ነው፤ ማለትም መንገድ ላይ ሥጋ ቤት ተቁሞ፣ ቁርጡ ተቆርጦ፣ ድራፍቱ ወርዶ፣ የቀኑ ድካም ከተረሳ በኋላ። ወረቀቱ ወርቃማ ጠርዝ አለው። «የወንጪን የእግር ጉዞ በስኬት ስላጠናቀቁ» ይላል። ቦት ጫማ ያደረገው ወንድማችን ስሙ ሲጠራ ተነስቶ፣ እየተሸሞነሞነ ሄዶ ተቀበለ፤ የምስጋና ንግግርም አደረገ። ቡድኑን አመሰገነ፣ ስፖንሰሮችን አመሰገነ፣ እናቱን አመሰገነ። ፈረሱን ዘለለው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ አንድ ማሻሻያ ለአስተባባሪው አቀረብኩ። በመርሐ ግብሩ ውስጥ ሥራ የሚያጓትተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራራው። ነዳጅ ይበላል፣ ዝናብ አለው፣ ኔትወርክ አይይዝም፣ ጫማ ያቆሽሻል። ዲጄው፣ ቲሸርቱ፣ ትውውቁ፣ ምሳው፣ ቁርጡ፣ ሰርተፍኬቱ ሁሉም ከቀለበት መንገድ ሳይወጣ ይገኛል። ማተሚያ ቤት ሄዶ የወንጪን ሐይቅ በትልቅ ባነር ማሳተምና ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ እዚያም የሚቆመው እንደዚያው ነው። በ12፡00 መነሳትም አያስፈልግም፣ አምስት ሰዓት ላይ ይበቃል። ገብስ ከተፈለገ ከእህል በረንዳ ሁለት ኩንታል አምጥቶ መበተን ነው።

አስተባባሪው በጥሞና ሰማኝ። አገጩን እያሻሸ ትንሽ ቆየና «ሃሳቡ አሪፍ ነው፣ ትርፉም ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ፈረስ ከየት እናመጣለን? ሰው ያለ ፈረስ ሃይኪንግ አይወጣም።»

ጃንሜዳ አካባቢ አይጠፋም አልኩት። ወዲያው ስልኩን አወጣና ቦታ ሳይሞላ ቅድሚያ ክፍያ እንድልክ የቴሌብር ቁጥሩን ሰጠኝ።