ታማሚው ለምን ይደብቃል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ በስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች አንድ ዓይነት ንግግር ይደጋገማል። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው?» ይላል። እናትየው «አዎ ልጄ» ይላሉ። የስኳር ልኬቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሐኪሙ ግራ ይገባውና መጠኑን ይጨምራል። እናትየው መርቀውት ይወጣሉ። እስከ 9 ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ ግን አልነገሩትም።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ኪኒን ተውጦ ምግቡ ለሰዓታት ከዘገየ የደም ስኳር ቁልቁል ይወርዳል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ ራስን ያስታል። መጠኑ ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ ይከፋል። ይህ የደረሰባቸው ሰዎች በጾም ወራት መድኃኒቱን ጭራሽ ይተዉታል። ያኔ ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል። ሐኪሙ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ለምን አልተናገሩም? ከዚህ በፊት ሲናገሩ ስለተቆጧቸው ነው። «ታሞ የምን ጾም ነው!» ተብለዋል፤ ያውም ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ስለ ባህልና ሕክምና ሲወራ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ታማሚው ላይ ነው። አልተማረም፣ ፀበል ለፀበል ይዞራል፣ ባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል እንላለን። እኔ ነገሩን የማየው ከሌላ በኩል ነው። ታማሚ የሚደብቀው መናገር ስለሚያስከፍለው ነው። ቁጣ ያስከፍለዋል፣ ንቀት ያስከፍለዋል። ዋጋውን የተመነው ደግሞ ሕክምና ቤቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበትም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጾሙን እንይ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የዓመቱ አጽዋማት ሲደመሩ ለአንድ ተራ ምእመን ወደ 180 ቀን ይጠጋሉ። የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። የታማሚውን የምግብ ሰዓት ይህን ያህል ጊዜ የሚወስን ነገር ታዲያ በምርመራ ክፍል ውስጥ እምብዛም አይጠየቅም። ሲጋራ ያጨሳሉ? መጠጥ ይወስዳሉ? ይባላል። ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት? የሚል ግን ጥቂት ነው።

ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ አትጨክንም። ንስሐ አባት ሕመሙን አይቶ ይፈቅዳል። ቁርኣንም የታመመና መንገደኛ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያሸጋግር ይፈቅዳል። እንግዲህ ሐኪሙ «እስቲ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ከፈለጉ እኔም ስለ ሕመምዎ ልጻፍላቸው» ቢል ከቁጣው ይልቅ ያተርፋል። «የለም፣ እጾማለሁ» ካሉም ሥራው አላበቃም። የመድኃኒቱ ዓይነትና ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ለረመዳን ይህ በደንብ ታስቦበታል። የስኳር ሕክምና መመሪያዎች ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ከታማሚው ጋር መነጋገር እንደሚገባ ይመክራሉ። መድኃኒቱ ለኢፍጣርና ለሱሁር ይደለደላል። በቀን ውስጥ የሚለካበት ሰዓት ይነገረዋል። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያው እንዲያፈጥር ይመከራል። ለዐቢይ ጾምና ለፍልሰታም እንዲህ ያለ ዝግጅት በየጤና ጣቢያው ቢኖር ምን ይከብዳል? ጾሙ እኮ በየዓመቱ ይመጣል። ድንገተኛ አይደለም።

ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ የከፈልንበት ግን ኤች አይ ቪ ነው። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወቅት እንጦጦ ላይ እጅግ ብዙ ሰው ለፀበል ተሰብስቦ ነበር። ጎጆ ተከራይቶ፣ ላስቲክ ወጥሮ ወራት የሚቀመጥ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ነበሩ። መድኃኒት የጀመረው ትቶት ወደ ተራራው ይወጣል። ሁለቱን አብሮ መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው የሚል ወሬ ነበራ። ሐኪሙ በበኩሉ «ፀበሉን ተወውና ኪኒኑን ዋጥ» ይላል። ሰውየውን ከሁለት ወገን ወጥረው ያዙት። ምረጥ ሲባል ብዙው ፀበሉን መረጠ። ብዙ ሰውም በዚህ ምክንያት ሞተ።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ተናገሩ። ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ እርስ በርስ አይጣሉም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አይደለም አሉ። የአንድ ቀን ንግግር ሁሉን አልፈታም። ነገር ግን ሰው የሚደብቀውን እንዲናገር በር ከፈተ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ማንም እምነቱን ጥሎ እንዲመጣ አለመጠየቁ ነው። የሰዓቱ ጉዳይ ብቻ ቀረ። እሱ ደግሞ ሐኪም የሚችለው ሥራ ነው። በባዶ ሆድ ብዙ ፀበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው ሰው ከፀበሉ በፊት የዋጠውን ኪኒንም አብሮ ያወጣዋል። «ፀበል የሚጠጡት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም መድኃኒቱን ከዚያ በኋላ ያደርግለታል። ያልጠየቀው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደመድማል።

በአእምሮ ሕመም ላይ ይህ በር ገና በደንብ አልተከፈተም። ቤተሰብ ልጁን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ከመውሰዱ በፊት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ፀበል ላይ ያቆየዋል። ሆስፒታል ሲደርስ ያን ሁሉ ጊዜ ደብቆ «ትናንት ነው የጀመረው» የሚል አለ። ለሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ማወቅ የሕክምናው ግማሽ ነው።

የወሊዱን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላነሳው እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ የተሳካልን ነገር አለና። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10 ደረሱ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48። አምቡላንሱ አለበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት አለበት፣ አገልግሎቱ ነፃ መሆኑም ረድቷል። ግን ሌላም ነገር ነበር። እናቶች «ለምን አትመጡም?» ሲባሉ መልሳቸው በየቦታው ይመሳሰል ነበር። አልጋው ላይ እግር ከፍቶ መጋለጥ ያሳፍራል። አዋላጁ ወንድ ነው። እናቴን በር ላይ ያስቀሯታል። ተንበርክኬ ልውለድ ብል ይቆጡኛል። ስገላገል ትኩስ ነገር የሚሰጠኝ የለም። አጠገቤ ሆኖ «ማርያም ማርያም» የሚልልኝ የለም።

እነዚህ መልሶች ለረጅም ጊዜ እንደ ሰበብ ነበር የታዩት። ኋላ ላይ ግን አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ። ቡና ይፈላል። ዘመድ ይገባል። እናትየው ስትገላገል እልል ይባላል። ከጤና ተቋሙ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቶ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲደርስ መጥታ እዚያው ትጠብቃለች። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የምትወልድበትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ መክሯል። አያቶቻችን ሲጠይቁት የነበረው ይኸው ነው። በጀርባ አስተኝቶ ማዋለድ የሚመቸው ከእናቲቱ ይልቅ ለአዋላጁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። በብዙ ቦታ የገንፎው እህል የሚመጣው ከአካባቢው ሰው መዋጮ ነው። ጓንትና መርፌ በጀት አላቸው። እናትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣት ገንፎ ግን የሰው ቸርነት ይጠብቃል። ለምን?

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ይህን ያነሳሁት ለአማርኛ አንባቢ በተለይ ልናገረው የምፈልገው ነገር ስላለኝ ነው። ሀገራችን ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋ ይነገራል። ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ካርዱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ ተመራቂ ሐኪም ለብዙ ዓመታት የሚመደበው በዕጣ ነበር። አዲስ አበባ ያደገው ልጅ ዕጣው ጂንካ ወይም ሰመራ ያወጣዋል። ሄዶ ይሠራል፣ ይለፋል። ግን ታማሚዋን አይሰማትም። ታዲያ ማን ያስተረጉማል? ጥበቃው። የጽዳት ሠራተኛዋ። ከጎን አልጋ ያለው አስታማሚ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የራሷ ልጅ።

እስቲ አስቡት። አንዲት ሐመር እናት ስለ ማሕፀኗ መድማት በአሥር ዓመት ወንድ ልጇ በኩል ትናገራለች? ባሏ እንደሚመታት በአንድ መንደር ልጅ በኩል ታወጣለች? አታወጣም። «ሆዴን ያመኛል» ብላ ዝም ትላለች። የሆድ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ደሟ እየፈሰሰ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጥበቃው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማንም አላሠለጠነውም፣ ማንም ለዚህ አልከፈለውም፣ ምስጢር እንዲጠብቅም ቃል አላስገባውም።

መንግሥት ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የተመለመሉት ከዚያው ከአካባቢው የሆኑ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ነበሩ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። እናቶች በራቸውን ለእነሱ የከፈቱት በያዙት ደብተር አይደለም፤ አፋቸውንና ወጋቸውን ስለሚያውቁ ነው። ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስትጻፍ ግን ያ ሁሉ ያበቃል። ሕመሙ ሲከብድ መግባባቱ ይቀንሳል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው።

ባህር ማዶ ስንሄድ ግን መብታችንን እናውቃለን። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአሜሪካ የጤና ሕግ ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ይከለክላል። እናቶቻችን እዚያ ሆስፒታል ገብተው «የአማርኛ አስተርጓሚ ጥሩልኝ» ይላሉ፣ ይጠራላቸዋል። ደስ ይለናል። ሲዘገይ እንቆጣለን፣ ትክክልም ነን። ታዲያ እዚያ ለእናታችን የምንጠይቀውን እዚህ ለሐመሯ፣ ለአፋሯ፣ ለኑዌሯ እናት የማንጠይቀው ለምንድን ነው? አማርኛ የማይናገር ታማሚ ሲመጣ «አይግባባም» የምንለው እሱን ነው። እኛም እኮ አልተግባባነውም።

የእስራኤል ኢትዮጵያውያን የደረሰባቸው ነገር ደግሞ መደበቅ ከሌላው ወገን ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 አንድ ጋዜጣ የደም ባንኩ ከእነሱ የተለገሰውን ደም በምስጢር እንደሚጥል አወጣ። ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ፍርሃት ነበር። ወጣቶቹ ወታደር ሆነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም ነው። ማንም አልነገራቸውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። እዚያው ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጤና ብሪኡት የተባለ ማኅበር በአማርኛ ስለ ስኳር ሕመም ሲያስተምር፣ ታማሚና ሐኪምን በስልክ ሲያስተረጉም ቆይቷል። በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ያገኘ ታማሚ ያልገባውን መልሶ ለመጠየቅ አያፍርም።

«ባህል ይከበር ስትል ጎጂውንም ነው?» የሚለኝ ይኖራል። በፍጹም። የሕፃን እንጥል በምላጭ መቁረጥ ይገድላል። የወተት ጥርስ በወስፌ መንቀልም እንዲሁ። የሴት ልጅ ግርዛት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፣ መሆንም አለበት። ግን እንጥሉ ተቆርጦ እየደማ ያለ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት መጀመሪያ ስድብ ከጠበቃት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጭራሽ አትመጣም። መጥታ «ማን ቆረጠው? መቼ? በምን?» ስትባል እውነቱን ከተናገረች ልጁም ይተርፋል፣ የጎረቤቷም ልጅ ሊተርፍ ይችላል።

ሐኪሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ይሁን ሲል ቆይቷል። ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን ርኅራኄ ብቻውን ሐመርኛ አይናገርም። በካርዱ ላይ የሚታተም ጥያቄ ይፈልጋል፣ የሥራ መደብ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል።

በሩቅ ላሉ ቋንቋዎች ስልክ ይበቃል። በኤች አይ ቪ ዘመን 952 ላይ ደውሎ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛና በትግርኛም ምክር ማግኘት ይቻል ነበር። ያን ልምድ ወደ ምርመራ ክፍል ማምጣት ይቻላል። ሐኪሙ ይደውላል፣ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል፣ ሦስቱም ይነጋገራሉ። በአካባቢው ብዙ ሰው ለሚናገራቸው ቋንቋዎች ግን የሚቀጠር ሰው ያስፈልጋል። የክልል ጤና ቢሮዎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ሪፈራል ሆስፒታል ቢያንስ ሁለት ቋሚ አስተርጓሚዎች ይያዙ፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ ምስጢር መጠበቅም በሥራ ውላቸው ውስጥ ይጻፍ። የማቆያ ቤቱ የገንፎ እህልም በዚያው በጀት ይግባ።