ያልተገነባውን ተገነባ ለሚሉን ማስረጃ እንጠይቃቸው

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ጄንሰን ሁዋንግ ዱባይ ላይ በተካሄደው የዓለም መንግሥታት ጉባኤ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ምክንያት ልጆች ኮድ (የኮምፒውተር ፕሮግራም) መጻፍ ይማሩ የሚለው የዓመታት ምክር ጊዜው እንዳለፈበት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥታት አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ ለማስተማር የታቀደውን መርሐ ግብር በጋራ አስጀመሩ። ትምህርቱን የጀመረ ወጣት ሁለቱንም መልእክት ሰምቷል፤ በመጀመሪያው ተስፋ ቆርጦ ቢያቋርጥ የሚከስረው እሱ እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ኤአይ ይህን ገነባ፣ የሰውንም ሥራ ይተካል የሚሉ የቴክኖሎጂ መሪዎችን የተጋነነ ንግግር በቸልታ ማለፍ የማይገባንም ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ይበልጥ ደፍሯል። በጥር 2025 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ኃላፊ ማርክ ዙከርበርግ በዓመቱ ውስጥ የመካከለኛ ደረጃ መሐንዲስን ሥራ የሚሠራ ኤአይ እንደሚኖራቸው ተናገሩ። የኤአይ ኩባንያው የአንትሮፒክ ኃላፊ ዳሪዮ አሞዴይ ደግሞ በመጋቢት ወር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ 90 በመቶ የሚሆነውን ኮድ፣ በ12 ወራት ውስጥም ሁሉንም ሊባል የሚችለውን ኤአይ እንደሚጽፈው ተነበዩ። ሦስቱም የሚመሯቸው ኩባንያዎች የዚህ ቴክኖሎጂ ሻጮች ወይም ከባድ ገንዘብ ያፈሰሱበት ናቸው። ነጋዴ ዕቃውን ማወደሱ ያለ ነገር ነው፤ ውዳሴው እንደ ሳይንስ ግኝት ሲዘገብና የሰው የሥራ ዕድል ሲወሰንበት ግን ልኬት ያስፈልገዋል።

ልኬት ሲመጣ ምን እንደሚታይ በሐምሌ 2025 ሜትር የተባለው የምርምር ተቋም ያወጣው ጥናት ያሳያል። ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮች ጠንቅቀው በሚያውቋቸው ፕሮጀክቶች ላይ 246 ሥራዎችን ሠሩ፤ የትኛው ሥራ በኤአይ እገዛ፣ የትኛው ያለ እገዛ እንደሚሠራ የተለየው በዕጣ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት 24 በመቶ ጊዜ እንደሚቆጥብላቸው ገምተው ነበር፤ ሲጨርሱም 20 በመቶ እንደቆጠበላቸው ተናገሩ። ሰዓቱ ሲታይ ግን በኤአይ እገዛ የሠሯቸው ሥራዎች 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወስደውባቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መሣሪያዎቹም በየወሩ ይሻሻላሉ። ይሁንና ሥራውን በእጃቸው የሠሩት ባለሙያዎች እንኳ በስሜታቸው ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ የተመረጠ ማሳያ ብቻ ያየ ኃላፊ የሚሰጠውን ግምት በጥንቃቄ መስማት ይገባናል።

በዚያው ወር ሬፕሊት የተባለው የሶፍትዌር መሥሪያ ኩባንያ የኤአይ ወኪል (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም) ምንም ነገር እንዳይለውጥ ታዝዞ ሳለ የአንድን ተጠቃሚ በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) አጠፋ። መረጃው ሊመለስ እንደማይችልም ገለጸ፤ ይህም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የኩባንያው ኃላፊ አምጃድ ማሳድ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ መከላከያ እርምጃዎችም እንደሚወሰዱ አስታወቁ።

ሶፍትዌር መገንባት የኮድ መስመር ማብዛት አለመሆኑ መታወቅ አለበት። አንድ የክፍያ መተግበሪያ እንውሰድ። ገንዘቡ ከላኪው ሂሳብ ተቆርጦ ማረጋገጫው ሳይደርስ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ላኪው ደግሞ ያልሄደለት መስሎት እንደገና ቢልክ፣ ሁለተኛው ክፍያ ይቁም ወይስ ይለፍ? ቁልፉንና ገጹን ኤአይ በደቂቃዎች ይሠራዋል፤ ይህም ትልቅ እገዛ ነው። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የሚያነሳው፣ መልሱን ከባንኩ አሠራር ጋር የሚያስማማውና ሌሊት ችግር ሲፈጠር ተጠርቶ የሚያስተካክለው ግን ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው። ቪዲዮ ላይ አምሮ የሚታየው ማሳያ ይህን ክፍል አያሳይም።

በሕክምናም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2016 ጄፍሪ ሂንተን፣ ያውም በዘርፉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ፣ ኤአይ በአምስት ዓመት ውስጥ ራዲዮሎጂስቶችን (ራጅና መሰል ምስሎችን የሚያነቡ ሐኪሞችን) ስለሚበልጥ እነሱን ማሠልጠን ሊቆም ይገባል ብለው ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ምክሩን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሕሙማን ሐኪም ባጡ ነበር፤ ራዲዮሎጂስቶች አሁንም በብርቱ ይፈለጋሉና።

ስለዚህ አንድ ኃላፊ ኤአይ ይህን ገነባ ሲል፣ ዜናውን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጋዜጠኞቻችን ኮዱ ለምርመራ ክፍት መሆኑን፣ ሰው ምን ያህሉን እንዳረመው፣ ስንት ሙከራ እንደከሸፈና ከወራት በኋላም በእውነተኛ ተጠቃሚዎች እጅ እየሠራ መሆኑን ይጠይቁ። የኮደሮችን መርሐ ግብር የሚመሩ አካላትም ወጣቶቹን ከትምህርቱ ከማራቅ ይልቅ ኤአይ የጻፈውን ኮድ ማንበብን፣ መፈተሽንና ማረምን ይጨምሩላቸው።