ዋሽንግተን በደጀን በኩል

ስልክህ ላይ የሁለት ኤርፖርት ስም አስገብተህ ርቀቱን ብትጠይቅ ወዲያው ይነግርሃል። ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም፣ 13 ሰዓት ምናምን። በምድር ላይ አጭሩን መስመር ይለካል፣ ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍላል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ጣል ያደርግበታል። አለቀ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ገና አልተጀመረም።

ጎረቤታችን ልጃቸው ጋ አሜሪካ ሊሄዱ ነው የተባለ ጊዜ ሰፈሩ ቡናውን እሳቸው ቤት አዛወረ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። «እትዬ፣ ይቺን ሽሮ ብቻ ለልጄ ያድርሱልኝ፤ እሱም ዋሽንግተን ነው።» ልጁ ያለው ሲያትል ነው። ሲያትልም ዋሽንግተን ናት፣ አልዋሹም። ሌላኛዋ፣ ክፍለ ግዛቷ ዋሽንግተን ናት እንጂ፤ በመሃላቸው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ሽሮውን ተቀበሉ። እምቢ ብሎ ከጎረቤት ከመጣላት እስከ ሲያትል በእግር መሄድ ይቀላል።

ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ከእህል መደብር ሚዛን ተዋሱ። 31 አለ። «ሚዛኑ ነው» ተባለ። ድርቆሹ ቀነሰ፣ በሶው ወጣ፣ ቅቤው ቀረ ተብሎ እንደገና ገባ። በርበሬው በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ አሁንም ሻንጣው በተከፈተ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል።

ከዚያ አባይ በረሃ አለ። ደጀን ጫፍ ላይ ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁራ ብትሆን ተሻግረሃል። መኪናው ግን ጥምዝምዙን እስከ ድልድዩ ይወርዳል፣ ከዚያ ጎሐ ጽዮን ድረስ ይንፏቀቃል። ከፊትህ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ከገባማ ዳዊት መድገም ነው።

ታላቅ ወንድማቸውን የገረማቸው ሌላ ነው። የስልኩ 13 ሰዓት የመመለሻው ነው፤ ሲኬድ ይረዝማል። የወንድማቸው ልጅ አስረዳ። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል።

«እንግዲያው ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ነው በለኛ!» አሉ ሽማግሌው።

ልጁ ዝም አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለውም።

«ነዳጅ ሲቀዳ ወርዳችሁ ምሳ ትበላላችሁ ማለት ነው።»

«አባባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም።»

«አቁሞ? ምሳ ሳያስበላ?» ሹፌሩን በሌለበት ረገሙት። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ስሚ አንቺ፣ ያንን በሶ በእጅ ቦርሳሽ አድርጊው።»