እርማት፦ ቻርሊ ቻፕሊንን ድምፅ ያለው ፊልም አልጣለውም

ወንድሜ፣ «ቻርሊ ቻፕሊን መናገር ስለማይችልበት ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ሥራው አበቃ» ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ነው፤ እውነት ግን አይደለም።

ቻፕሊን ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት የእንግሊዝ መድረክ ያሳደገው ተዋናይ ነበር። በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ14 ዓመቱ በ«ሼርሎክ ሆምስ» ቲያትር የተላላኪውን የቢሊን ሚና ይዞ ከከተማ ከተማ ዞሯል። ይህ በንግግር የሚጫወቱት ሚና ነው! ከዚያም በፍሬድ ካርኖ የኮሜዲ ቡድን በስሎ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1914 ፊልም ላይ ብቅ አለ።

ዝምታው ምርጫው ነበር። ከ1927 በኋላ ሆሊውድ በሙሉ ወደ ንግግር ሲሮጥ፣ እርሱ በ1931 «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር ሠራ፤ ሙዚቃውንም ራሱ ደረሰ፤ ተመልካቹም ጎረፈለት። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ዘመን ከማን ይጠበቅ ነበር? በ1940 ደግሞ ሂትለርን በተሳለቀበት «ዘ ግሬት ዲክታተር» ላይ አፉን ከፈተ። ያ ፊልም ከሥራዎቹ ሁሉ በገቢ የላቀው ሆነ፤ ቻፕሊንም በምርጥ ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። መጨረሻው ላይ ለደቂቃዎች የሚዘልቀውን ንግግሩን እባክዎ ያዳምጡት።