ስለ ሎው ፎድማፕ ዳይት ማስተካከያ

ባለፈው ስለ አይቢኤስ (ሆድ የሚያምና የሚነፋ፣ ሰገራም የሚያዛባ የአንጀት ችግር) እና ለሱ ስለሚረዳው ሎው ፎድማፕ ስለሚባለው ዳይት (ሆድ የሚነፉ አንዳንድ ካርቦሃይድሬቶችን የሚቀንስ አመጋገብ) ስጽፍ "ሎው ፎድማፕ ከጀመራችሁ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ወተት እስከመጨረሻው እርሱት" ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ በጣም ይቅርታ። ዳይቱን ያወጡት የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸው ሶስት ደረጃ ነው ያደረጉት፣ አጥብቆ መቀነሱ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው ከዛ እያንዳንዱን አይነት በየተራ እየመለሳችሁ የቱ እንደሚያስቸግራችሁ ታያላችሁ፣ በመጨረሻ የማይስማማችሁን ብቻ ቀንሳችሁ ሌላውን ትበላላችሁ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ፎድማፕ የሚባሉት ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው ካርቦሃይድሬቶች ናቸው፣ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይፈጠራል፣ የሚነፋንም ለዛ ነው፣ ግን ከነሱ ውስጥ ለቢፊዶባክቴሪያ ምግብ የሚሆኑ አሉ እና ዳይቱ ላይ በነበሩ ሰዎች ይሄ ጠቃሚ ባክቴሪያ ቀንሶ በጥናት ታይቷል። ዕድሜ ልክ ያልኩት ለዛ ነው ያስጨነቀኝ።

ሌላ ሳልጽፈው የቀረ ነገር፣ ስንዴ ከማቆማችሁ በፊት የሲሊያክ (ግሉተን፣ ማለትም ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራ አድርጉ፣ ግሉተን ካቆማችሁ በኋላ በሽታው እያለም የደም ምርመራው ነጌቲቭ ሊል ይችላል። ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ ወይ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ደግሞ ዳይቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሀኪም ጋ ሂዱ።